የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመስሚያ መሣሪያ አድርጎ በተራራ መንገድ ብስክሌት ስለ መንዳት

በዚህ ዕትም ከሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የደረሱንን አራት ደብዳቤዎች በአንድ ላይ አቅርበናል። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ስለሆነ ለአንዱ የተሰጠው መልስ ሌላውንም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። መልሶቹን የምጽፈው እኔ፣ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በሁለቱም ጆሮዎቼ የመስሚያ መሣሪያ የምጠቀም ብስክሌተኛ በመሆኔ ጉዳዩ ከልቤ የሚያሳስበኝ ነው።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር የ27 ዓመት መምህር ነኝ። በልጅነቴ ከያዘኝ የጆሮ ሕመም በኋላ የመስማት አቅሜ ስለቀነሰ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል የመስሚያ መሣሪያ በሁለቱም በኩል አደርጋለሁ። በዕረፍት ቀናት ከጓደኞቼ ጋር የተራራ ብስክሌት ይዘን ወደ አንኮበር፣ አንዳንዴም ወደ ጣርማ በር እንወጣለን። ዳገት ላይ ምንም ችግር የለብኝም፤ ቁልቁለት ላይ ግን ነፋሱ በመሣሪያዎቹ ውስጥ እንደ ጎርፍ ስለሚጮህብኝ አውልቄ ኪሴ እከታቸዋለሁ። በቅርቡ እንዲሁ አውልቄ ስወርድ አንድ አይሱዙ ከኋላዬ መጥቶ ክንዴን ሊነካኝ ጥቂት ሲቀረው አለፈኝ፤ መምጣቱን ፈጽሞ አልሰማሁም። ጓደኞቼ ደግሞ «ከሚጠፉብህ ቤት ትተሃቸው ና» ይሉኛል። አድርጌ ልንዳ ወይስ አውልቄ?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ከዚያ መኪና እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት። መሣሪያዎቹን አድርገው ይንዱ፤ ነገር ግን ከኋላ የሚመጣውን መኪና እነርሱ ይነግሩኛል ብለው አይመኑ። ሁለቱ ምክሮች የሚጋጩ ስለሚመስሉ ለየብቻ ላስረዳ።

መጀመሪያ ስለ ነፋሱ ልናገር። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል መሣሪያ ድምፅ የሚቀበለው ከጆሮ ጫፍ በላይ፣ ነፋስ በቀጥታ በሚያገኛቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። አየሩ ጭንቅላትንና የጆሮን ጠርዝ ሲመታ ይሽከረከራል፤ ሽክርክሪቱ በማይክሮፎኑ አፍ ላይ የሚያሳድረውን ግፊት መሣሪያው ድምፅ ነው ብሎ ያጎላዋል። ስለዚህ የሚሰሙት ጩኸት እዚያው በማይክሮፎኑ አፍ ላይ የሚፈጠር ነው፤ ቁልቁለት ላይ የሚበረታውም ፍጥነትዎ ስለሚጨምር ነው። ከዚህም ሌላ አብዛኞቹ የዛሬ መሣሪያዎች ሁለት ማይክሮፎኖችን አጣምረው ከፊት ለፊት የሚመጣውን ንግግር ያጎላሉ፣ ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ ይቀንሳሉ። ይህ አሠራር በመማሪያ ክፍልም ሆነ ሻይ ቤት ተቀምጦ ለመጫወት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ለብስክሌተኛ ግን በሁለት በኩል ጉዳት አለው፦ የነፋሱን ጩኸት ያባብሳል፣ እርስዎ አጥብቀው የሚፈልጉትን የኋላ ድምፅ ደግሞ ይቀንሳል።

መፍትሔው መሣሪያውን ያስተካከለልዎት የመስማት ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ለብስክሌት ብቻ የሚሆን የተለየ ፕሮግራም እንዲያስገባልዎት መጠየቅ ነው። ሲሄዱ ሄልሜትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ስለ ነፋሱ ጩኸትም «ይረብሸኛል» ብለው ብቻ አይተዉት፤ በየትኛው ጆሮ እንደሚብስ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጀምር፣ ጭንቅላትዎን ወደ ጎን ሲያዞሩ መለወጥ አለመለወጡን በዝርዝር ይንገሯቸው። ሊጠይቁ የሚገባዎት ማይክሮፎኖቹ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚቀበሉበት፣ የነፋስ መቀነሻው ከፍ ያለበት፣ ወፍራም ድምፆች ጥቂት ዝቅ የተደረጉበትና መሣሪያው በራሱ ፈቃድ ወደ ሌላ ፕሮግራም የማይቀይርበትን አደረጃጀት ነው። የነፋስ መቀነሻው የሁለቱን ማይክሮፎኖች ድምፅ ያነጻጽራል፤ የእውነት ድምፅ ሁለቱንም ተመሳሳይ ሆኖ ሲደርሳቸው የነፋስ ሽክርክሪት ግን በእያንዳንዳቸው ላይ የተለያየ ሁከት ስለሚፈጥር መሣሪያው ለይቶ ያውቀዋል። ነፋሱን ጨርሶ አያጠፋውም፤ ኪስ ውስጥ እስኪከቱት ድረስ እንዳያስመርርዎት ግን ያደርገዋል። በተጨማሪ ከጆሮ ፊት ለፊት በሚያልፈው የሄልሜት ማሰሪያ ላይ ለስላሳ ጨርቅ መጠቅለል ነፋሱ ማይክሮፎኑ ላይ ከመድረሱ በፊት ይሰብረዋል። ወፍራም ሹራብ ቆብ ጆሮ ላይ መሳብን ግን አልመክርም፤ መሣሪያውን ሊያስፏጨው ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክር ልለፍ፤ ይበልጥ ከባዱ እርሱ ነውና። ሰው ድምፅ ከግራ ወይም ከቀኝ መምጣቱን የሚለየው ድምፁ ለአንዱ ጆሮ ቀድሞና በርትቶ ስለሚደርስ ነው። ከፊት ወይም ከኋላ መምጣቱን ለመለየት ግን በአመዛኙ የሚረዳው የውጭው ጆሮ ቅርጽ ነው፤ እጥፋቶቹ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ቀጭን ድምፅ በየራሱ መንገድ ይለውጡታል። ማይክሮፎኑ ከጆሮ በላይ ሲቀመጥ ድምፁ በእነዚያ እጥፋቶች ውስጥ አያልፍም፤ በመሆኑም መሣሪያው የቱንም ያህል ውድና ዘመናዊ ቢሆን ፊትና ኋላን መለየት ለእኛ አስቸጋሪ ሆኖ ይቀራል። የከባድ መኪናው ሞተር ድምፅ ወፍራም ነው፤ የነፋሱ ጩኸትም ወፍራም ስለሆነ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። እርስዎ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየወረዱ ቢሆን እንኳ በየሴኮንዱ 10 ሜትር ያህል ይጠጋዎታል፤ 30 ሜትር ሲቀረው ቢሰሙት ያለዎት ጊዜ 3 ሴኮንድ ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሰምቶ፣ ከየት እንደመጣ ለይቶ፣ ጠጠር ላይ ሳይንሸራተቱ ዳር መያዝ ጆሮው ጤነኛ ለሆነም ሰው አስተማማኝ አይደለም።

ስለዚህ የኋላው መንገድ የዓይን ሥራ ይሁን። በአገራችን የሚነዳው በቀኝ በኩል ስለሆነ መኪናው የሚያልፍዎት በግራዎ ነው፤ በመሪው ግራ ጫፍ ላይ ስፖኪዮ ያስገጥሙ። ድንጋያማ መንገድ ላይ ስፖኪዮው ስለሚንቀጠቀጥ ብቻውን አይበቃም፤ ጉድጓድ ለመሸሽ ወደ መሐል ከመውጣትዎ በፊትና ወደ እያንዳንዱ መታጠፊያ ከመግባትዎ በፊት በግራ ትከሻዎ ላይ ዞር ብለው ይመልከቱ። ብዙ ሰው ዞር ሲል መሪውንም አብሮ ያዞራል፤ ይህን ልማድ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ ቀጥ ባለ መስመር እየነዱ በመለማመድ ማስወገድ ይቻላል። ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም፤ ለእኛ ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጥ መከላከያ ነውና እባክዎ አይናቁት።

ጣርማ በርን በተመለከተ ምክሬ ጠንከር ያለ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ጉም ሲወርድበት ስፖኪዮም ዓይንም ስለማይረዱ ዓይንዎንና ጆሮዎን በአንድ ጊዜ ያጣሉ። በዚያን ጊዜ ከመንገድ ወጥተው ጉሙ እስኪገፈፍ መቆየት ወይም ብስክሌቱን መኪና ላይ መጫን ይገባል። ጣሊያን በሠራው ዋሻ ውስጥም ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ መኪናው ከፊት ይሁን ከኋላ በመስሚያ መሣሪያ መለየት አይቻልም፤ እኔ ዋሻውን በብስክሌት እንዲያልፉት አልመክርም።

«እንግዲያውስ ለምን አደርገዋለሁ?» ሊሉ ይችላሉ። በመንገድ ላይ ያለው ድምፅ የመኪና ብቻ ስላልሆነ ነው። እረኛው ከብቶቹ መንገድ ሊያቋርጡ መሆኑን ሲጮህ፣ ውሻ ከግቢ ሲወጣ፣ ጓደኛዎ «ቁም!» ሲል መስማት አለብዎት። ምንም እንኳን አያድርስና ቢወድቁ፣ የሚያነሳዎት ሰው የት እንዳመመዎት ሲጠይቅ ሰምተው መመለስ መቻልዎ ትልቅ ነገር ነው። መሣሪያ የሚጠፋውም ብዙውን ጊዜ ጆሮ ላይ እያለ ሳይሆን ሲወልቅና ኪስ ሲገባ ነው፤ ኪስ ውስጥ ላብ፣ ሳንቲምና ቁልፍ አለ። ሁለቱን መሣሪያዎች አያይዞ ከኋላ ልብስ ላይ የሚቆነጠጥ ቀጭን ገመድ አለ፤ የልጆች ነው ብለው አይተዉት። ከመንገድ መልስ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፣ የባትሪውን በር ከፍተው ያሳድሩት፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ከያዘ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት። በመሣሪያው መግለጫ ላይ «አይፒ 68» የሚል ካዩ ስድስቱ አቧራ አያስገባም ማለት ነው፤ ስምንቱ ደግሞ አምራቹ በወሰነው ጥልቀትና ጊዜ ውኃ ውስጥ ቢቆይ ይችላል ማለት ነው። ላብ ግን ጨው ስላለው ከንጹሕ ውኃ ይልቅ ብረቱን ይበላዋልና በዚህ ቁጥር ተማምነው መጥረጉን አይተዉ።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደብረ ሲና ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ በቀኝ ጆሮው የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋል፤ ብስክሌት ይወዳል። ሄልሜት ሲያደርግ መሣሪያው ስለሚያፏጭበት ሄልሜቱን ጥሎ ይሄዳል። ብቆጣውም አልሰማ አለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ ልጅዎ እምቢ ያለው ከጥጋብ አይመስለኝም፤ በጆሮ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር ይዞ መንዳት በእውነት አይቻልም። ፉጨቱ የሚመጣው ጎልቶ ወደ ጆሮው ቦይ የገባው ድምፅ ሾልኮ ወጥቶ እንደገና ማይክሮፎኑ ውስጥ ሲገባ ነው። መዳፍዎን ጆሮው ላይ ቢከድኑበት ሲያፏጭ ይሰሙታል፤ ሄልሜቱም የሚያደርገው ያንኑ ነው።

መጀመሪያ ሄልሜቱን አውልቀው ያስስቁት፣ ዳቦ ያስኝኩት። ያን ጊዜም ካፏጨ ጥፋቱ የሄልሜቱ አይደለም፤ የልጅ ጆሮ ስለሚያድግ በጆሮው ልክ የተሠራው ማስገቢያ አንሶት ድምፅ እያሾለከ ነውና ባለሙያው አዲስ ልክ ይውሰድለት፤ ኩክ መኖር አለመኖሩንም ይይለት። በጥጥ እንጨት ቤት ውስጥ አይቆርቁሩት፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

የሚያፏጨው ሄልሜት ሲደረግ ብቻ ከሆነ ግን ማሰሪያውን ይመልከቱ። የሄልሜት ማሰሪያ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ጠፍር ነው፤ አንዱ ከጆሮ ፊት፣ ሌላው ከጆሮ ኋላ ወርደው ከጆሮ ጉትቻ ሥር መገናኘት አለባቸው። መገናኛው በጣም ከወረደ የኋላው ጠፍር በመሣሪያው ጀርባ ላይ ይተኛና ወደ ጆሮው ይጫነዋል፤ ልጁ ጭንቅላቱን ባዞረ ቁጥርም ጠፍሩ ማይክሮፎኑን ሲፈትገው እርሱ የሚሰማው የሚያስደነግጥ ጩኸት ነው። ወንበር ላይ አስቀምጠው መገናኛውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ በጠፍሩና በመሣሪያው መካከል ትንሿ ጣትዎ የምታልፍ ከሆነ በቂ ነው። በውስጥ በኩል ያለው ስፖንጅ መሣሪያው ላይ ካረፈ ስፖንጁን ማንሳት ወይም በቀጭን መቀየር ይቻላል፤ ጠንካራውን ነጭ ፎም ግን በፍጹም አይቁረጡ፣ ጭንቅላቱን ከግጭት የሚያድነው እርሱ ነውና።

ቅደም ተከተሉንም ያስተምሩት፦ መሣሪያው ይቀድማል፤ ከዚያም ጠፍሮቹን በሁለት እጁ ወደ ውጭ ከፈት አድርጎ ሄልሜቱን ያጠልቃል፤ መነጽር ካለው መጨረሻ ላይ ከጠፍሮቹ ውጭ ያደርጋል። ሲያወልቅም ማሰሪያውን ፈትቶ ጠፍሮቹን እንደዚያው ከፍቶ ያነሳዋል። መሣሪያ መንገድ ላይ ወድቆ የሚቀረው አንዱ ጠፍር ጎትቶት ሲወጣ ስለሆነ ይህችን ልማድ ቶሎ ቢይዝ መልካም ነው። በአንድ ጆሮ ብቻ ስለሚጠቀምም ድምፅ ሁሉ ከቀኝ የመጣ ሊመስለው ይችላል፤ መኪና የሚያልፈው ደግሞ በግራ ነው። ለመምህሩ ስለ ስፖኪዮና ዞር ብሎ ስለ ማየት የጻፍኩትን ለእርሱ በእጥፍ ይውሰዱለት፤ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣውን ዋና መንገድም ለጊዜው ይከልክሉት። ይህ ሁሉ የተጻፈው ከውጭ ለሚደረግ መሣሪያ ነው፤ በቀዶ ሕክምና የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ ያለው ልጅ ብስክሌት ከመጀመሩ በፊት ወላጆቹ የተከለለትን ሐኪም ስለ ሄልሜቱ መጠየቅ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው። ጓሳ ድረስ በብስክሌት ስሄድ የመስሚያ መሣሪያዬ ባትሪ ከተጻፈበት ጊዜ በፊት ያልቃል። ባትሪው አስመስሎ የተሠራ ይሆን?

መልስ፦ የግድ አይደለም። የሚጣሉት ጥቃቅን ባትሪዎች የሚሠሩት በውስጣቸው ያለው ዚንክ የተባለው ብረት ከአየር ከሚያገኘው ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ነው። በ10 ቁጥር ላይ ቢጫ፣ በ312 ላይ ቡናማ፣ በ13 ላይ ብርቱካናማ፣ በ675 ላይ ሰማያዊ የሆነው ልጣፍ የሚሸፍነው ይህንኑ የአየር ቀዳዳ ነው። በመንዝ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፣ ብርዱ ያደክመዋል፣ ደረቁም ነፋስ ውስጡን ያደርቀዋል፤ ሦስቱ ሲደመሩ ዕድሜው ያጥራል። ልጣፉን ከላጡ በኋላ ወዲያው አይክተቱት፤ አየር እንዲገባው ጥቂት ደቂቃ ይተዉት፤ አንዴ ከተላጠ መልሶ መለጠፍም አያቆየውም። ትርፍ ባትሪዎን ልጣፉን ሳይነኩ በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነትዎ ሙቀት አጠገብ ይያዙ። ቻርጅ በሚደረግ የሚጠቀሙ ከሆነም ብርድ ያደክመዋልና በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ከመውጣትዎ በፊት ሙሉ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ በሸኖ ከተማ ብስክሌት የምንነዳ ወጣቶች አስተባባሪ ነኝ። በቅርቡ የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርግ ወንድም ተቀላቀለን። እንዳናስቀይመውም እንዳንዘነጋውም እንፈልጋለን። እንዴት ብንይዘው ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀድማችሁ መጠየቃችሁ ደስ ያሰኛል። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ የትኛው ጆሮው እንደሚሻል፣ በየትኛው ጎኑ ሰው እንዲሆን እንደሚፈልግ ከመውጣታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ወይ መጨረሻ ላይ ነው፣ «ይከተለን» ተብሎ፤ ወይ ፊት ላይ፣ «እንየው» ተብሎ። ሁለቱንም አልወደውም። መጨረሻ ላይ ከሆነ ከኋላው ያለውን የሚነግረው የለም፤ ፊት ላይ ከሆነ ደግሞ እናንተ ስትጮኹ አይሰማም። ከመሐል፣ ከፊቱ ያለውን ሰው እጅ በሚያይበት ርቀት ይሁን። ምልክቶቻችሁን በእጅ አድርጉ፦ ለማቆም፣ ለጉድጓድ፣ ለከብት፣ ለውሻ፣ ከኋላ ለሚመጣ መኪና አንዳንድ ምልክት ይበቃል። የመኪናውን ምልክት ከኋላ ያለው ሰው ከጎኑ ጥቂት ቀደም ብሎ ሊያሳየው ይችላል፤ መንገዱ ጠባብ ከሆነ ግን ይህ አደጋ ስላለው ከፊት ያለው ዞር ብሎ አይቶ ምልክቱን ቢሰጥ ይሻላል። ምልክቱ ለሁላችሁም ይሁን እንጂ ለእርሱ ብቻ አይሁን፤ ነፋስ ላይ ማናችሁም በደንብ አትሰሙምና።

እየነዳችሁ ወሬ አታውሩት። ዓይኑን ከመንገድ አንሥቶ ከንፈራችሁን ለማየት ይገደዳል፤ አልሰማሁም እያለ መድገም ሰልችቶትም እንደ ሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ይህን የማያደርግ የመስሚያ መሣሪያ ተጠቃሚ አላውቅም። መንገድ የምትቀይሩ ከሆነ ቁሙ፣ አፋችሁን የሸፈነውን ሻርፕ ዝቅ አድርጉ፣ ፊት ለፊት በተለመደ ድምፅ ንገሩት፤ ከዚያም «ወዴት ነው የምንሄደው?» ብላችሁ እርሱ እንዲናገር አድርጉ። መጮኽ አያስፈልግም፤ ጩኸት የከንፈርን ቅርጽ ያበላሻል፣ መሣሪያውም ከመጠን ያለፈን ድምፅ ስለሚጨፈልቀው ቃሉ ይደበዝዛል። በቡሄ ሰሞን እረኞች ጅራፍ በሚያጮሁበት ስታልፉም አስቀድማችሁ አመልክቱት፤ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ድምፅ በመሣሪያ ሲሰማ ሰውነትን ያስደነብራል፤ የደነበረ ሰው ደግሞ ፍሬን ጨብጦ ይወድቃል።

ሌላው የምትረዱት በብስክሌቱ ነው። ብዙዎቻችን ቀድመን የምናጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ስለሆነ ዘይት ያጣ ካቴና ሲንጫጫ፣ የተበላ ፍሬን ሲፋጭ፣ ጎማ ቀስ እያለ ሲተነፍስ ላንሰማ እንችላለን። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት አንዳችሁ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ ፔዳሉን እያሽከረከራችሁ አድምጡለት፤ እርሱም የፍሬኑን ጎማ ውፍረት በዓይኑ፣ የካቴናውን ድርቀት በጣቱ መመርመርን ልማድ ያድርግ። ከመነዳሪ ሲበሳበትም ቀዳዳውን በጆሮ ሲፈልግ አይድከም፤ ነፍቶ ከንፈሩ አጠገብ ቢያዞረው የሚወጣው አየር ይነግረዋል፤ ውኃ ከተገኘም ከውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን ይይ።